«ባለቤቴ በአንድ ቀን የሓ ደርሰን እንመለስ ይላል»

«ጤና ይስጥልኝ። እኔ 63 ዓመቴ ነው፣ ባለቤቴ 68። ሁለታችንም ጡረታ ወጥተናል። እኔ ክሊኒክ ውስጥ ካርድ ክፍል ነበርኩ፣ እሱ የታሪክ አስተማሪ ነበር። ኑሯችን አዲስ አበባ ነው፤ አሁን ግን ሴት ልጃችን ወልዳ መቀሌ መጥተናል። እሷ ሥራ ስለገባች በሥራ ቀን ሕፃኑን የምይዘው እኔ ነኝ። ነፃ የምሆነው ቅዳሜና እሑድ ነው፤ እሑድ ደግሞ ቅዳሴ አለብኝ።

ባለቤቴ ከአውሮፕላን ሳይወርድ የጀመረው ወሬ የሓ ነው፤ ዓድዋ አካባቢ ያለው ጥንታዊ ቤተ መቅደስ። ዕድሜውን ሙሉ ስለ ደዓማት፣ ከአክሱም በፊት ስለነበረው መንግሥት፣ ሲያስተምር ኖሮ ቦታውን በዓይኑ አይቶት አያውቅም። አሁን ‹ቅዳሜ ሌሊት ተነስተን፣ የአማቻችንን መኪና ይዘን፣ የሓን አይተን ማታ ቤታችን ነን› ይላል። የሚነዳውም ራሱ ነው። አማቻችን ‹እኔ ልንዳላችሁ› ሲለው ‹አንተ ሳምንቱን ሙሉ ስትለፋ ከርመህ፣ ዕረፍ› ብሎ መለሰው። ልጁ መኪናውን መስጠትም ከብዶታል፣ እምቢ ማለትም ከብዶታል፤ ፊቱ ላይ ያስታውቃል። ባለቤቴ የግራ ዓይኑን ሞራ ጀምሮታል ተብሏል። ማታ ማታ የመኪና መብራት ይበተንብኛል ሲል ሰምቼዋለሁ።

እኔ ጉልበቴን ያመኛል። ስኳርም ግፊትም አለብኝ፤ ለግፊቱ የምወስደው ኪኒን ሽንት ቤት ያመላልሰኛል። እውነቱን ልናገርና ድንጋይ ለማየት ይህን ሁሉ መንገድ መሄድ አይታየኝም። ደግሞስ የጣዖት ቤት አይደለም እንዴ? በስተርጅና ምን አስኬደኝ? ይህን ስለው ‹አንቺ ቅሪ፣ ብቻዬን እሄዳለሁ› አለኝና ይኸው ተኳርፈናል። ልጄ ፊት አፍሬያለሁ። ምን ልበለው?

ድንጋይ የሰለቻት፣ ከመቀሌ»

እትዬ፣ በቅድሚያ እንኳን ማርያም ማረቻት። ሕፃኑንም እግዜር ያሳድግልዎት።

ወደ ኩርፊያው ስንመጣ እኔ ግማሹን ለእርስዎ፣ ግማሹን ለጋሼ ነው የምፈርደው። ከመቀሌ ተነስቶ በአንድ ቀን የሓ ደርሶ መመለስ ለእናንተ አይሆንም፤ እዚህ ላይ እርስዎ ልክ ነዎት። «ድንጋይ ነው» የሚለው ላይ ግን አልተስማማንም። ሰውዬው ዕድሜያቸውን ሙሉ ያስተማሩት ነገር ነው እኮ። እርስዎ ድንጋይ ባሉ ቁጥር እሳቸው የሚሰሙት «ስትለፋበት የኖርከው ሁሉ ድንጋይ ነው» የሚል ሳይሆን አይቀርም። ኩርፊያው ከመንገዱ ርዝመት የመጣ አልመሰለኝም።

መንገዱን ግን እንቁጠረው። ከመቀሌ አዲግራት 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከአዲግራት ወደ ዓድዋ መንገድ ታጥፈው፣ በብዘትና በእንትጮ አድርገው የሓ መገንጠያ እስኪደርሱ ሌላ 80 ገደማ ይጨምሩ። ደርሶ መልሱ ወደ 400 ኪሎ ሜትር መጣ ማለት ነው። ሜዳ ላይ ቢሆን ምንም አልነበረም። ይሄ ግን ዳገትና ቁልቁለት ነው፤ ከአዲግራት ወዲያ ያለው ደግሞ ጠመዝማዛ በጠመዝማዛ ነው። አህያ አለ፣ ፍየል አለ፣ ባጃጅ አለ፣ የተጫነ ከባድ መኪና አለ፣ ኬላ ላይ መቆም ሊኖር ይችላል። እዚህ መንገድ ላይ በሰዓት በአማካይ ከ45 ኪሎ ሜትር በላይ እሄዳለሁ የሚል ሾፌር ካለ እኔ አብሬው አልሳፈርም። እንግዲህ ሲሄዱ አራት ሰዓት ተኩል፣ ሲመለሱ አራት ሰዓት ተኩል። ቁርስ አለ፣ ምሳ አለ፣ ነዳጅ አለ፣ የእርስዎ ኪኒን አለ። ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ቢነሱ እንኳ ትንሽ ከዘገዩ ከአዲግራት ወዲህ ባለው መንገድ ላይ ይመሽባችኋል። በጨለማ፣ መብራት በሚበተንበት ዓይን፣ በሰው መኪና። ይሄ ክርክር የሚያስፈልገው ነገር አይደለም። አይሆንም፣ አለቀ።

አሁን ደግሞ ለጋሼ ልሟገት።

የሓ ያለው ቤተ መቅደስ የተሠራው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ7ኛው መቶ ዓመት አካባቢ ነው። አገራችን ውስጥ ቆሞ ከሚታይ ሕንፃ በዕድሜ የሚቀድመው የለም ይባላል። የአክሱም ሐውልቶች ሲተከሉ እሱ ሺህ ዓመት ሊሞላው ትንሽ የቀረው አሮጌ ቤት ነበር። ርዝመቱ 18 ሜትር፣ ወርዱ 15 ሜትር ገደማ፣ ግድግዳው እስከ 14 ሜትር ድረስ ቆሟል። አራት ፎቅ ቤት በሉት። ጭቃ የለ፣ ኖራ የለ፣ ጥርብ ድንጋዩ ተስተካክሎ አንዱ ባንዱ ላይ ተቀምጦ ነው። ጣሪያው ድሮ ጠፍቷል። ግድግዳውን ተጠግተው በጎን ሲያዩት መገጣጠሚያው በማስመሪያ የተሰመረ የሚመስል ቀጭን መስመር ብቻ ነው፤ ያን ያህል ልኩን የጠበቀ ነው። የጀርመን አርኪዮሎጂ ተቋም ባለሙያዎች ከ2009 ጀምሮ (በፈረንጆቹ) ከኢትዮጵያውያን ጋር ሆነው አካባቢውን ሲያጠኑ ቆይተዋል፤ ግድግዳውም እንዳይወድቅ በብረት ደግፈውታል። አለፍ ብሎ ደግሞ ግራት በዓል ገብሪ የሚባል፣ በድንጋይና በእንጨት ተሠርቶ የነበረ ትልቅ ሕንፃ ፍርስራሽ አለ። ፊት ለፊቱ አራት ማዕዘን የሆኑ ረዣዥም ምሰሶዎች ቆመው ነበር፤ በእሳት የወደመ ነው። ከቤተ መቅደሱም በዕድሜ ይቀድማል ይላሉ ያጠኑት ሰዎች።

ጋሼ ይህን ሁሉ በጠመኔ ሲስሉት ነው የኖሩት። እና አሁን በመጨረሻ ሲያዩት፣ አራት ሰዓት ተኩል ተንቀጥቅጠው ደርሰው፣ «በሉ በሉ ሳይመሽ» እየተባሉ፣ እርስዎ መኪና ውስጥ ጉልበትዎን ይዘው እየጠበቁ ይሁን? እኔ ለየሓ የማዝነው በዚህ ነው። የሓ ለብቻው አንድ ቀን የሚገባው ቦታ ነው። ከአክሱም ቢነሱ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ ያኔ በእርግጥም የአንድ ቀን ጉዞ ይሆናል። ጠዋት ፀሐይ ሳይበረታ ይደርሳሉ፣ ሲበቃችሁ ዓድዋ ምሳ በልታችሁ ትመለሳላችሁ። ለሌላ ጊዜ ይሁን፣ ግን ይሁን። «ለሌላ ጊዜ» ሲባል ወር ተቆርጦለት ነው እንጂ እንዲያው ለማባበያ ከሆነ አስተማሪ ሰው አይታለልም፤ ስንት ዓመት «የቤት ሥራዬን ቤት ረስቼው መጣሁ» ሲባል የኖረ ሰው ነው።

የጣዖት ቤት ነው ወይ ላሉኝ፣ አዎ ነበር። አልመቃህ የሚባል የሳባውያን አምላክ ይመለክበት ነበር። ዋናው ቤቱ ከቀይ ባሕር ማዶ፣ የመን ውስጥ ማሪብ ነው። እኔ ካህን አይደለሁም፤ ልብዎ ካልፈቀደ የንስሐ አባትዎን ይጠይቁ። ግን አንድ ነገር ልንገርዎት። ከዘጠኙ ቅዱሳን አንዱ አባ አፍጼ የሓ ሲመጡ ያን ቤት አላፈረሱትም። ቤተ ክርስቲያን ነው የሆነው። ባለሙያዎቹም ያን ያህል ዘመን ሳይፈርስ የቆየው በዚሁ ምክንያት ነው ይላሉ፤ ሰው ሲጠቀምበት፣ ሲጠብቀው ኖረ። ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬዝ በ1520ዎቹ በዚያ ሲያልፍ ሕንፃውን አይቶ ጽፎለታል። ዛሬም የአባ አፍጼ ቤተ ክርስቲያን ያለችው እዚያው ግቢ ውስጥ ነው። ግድግዳዋ ላይ የድሮው ዘመን የዋልያ ራስ የተቀረጸባቸው ድንጋዮች ገብተውበታል። ስለዚህ ጋሼ ቤተ መቅደሱን ሲዞሩ እርስዎ ቤተ ክርስቲያኑን ተሳልመው፣ ጥላ ሥር ቁጭ ብለው ይጠብቋቸዋል፤ አጥሩ አንድ ነው። ይህን ያሰብኩት ግን ለዚያ ለሌላው ጊዜ ነው።

ለዚህ ቅዳሜ ሌላ ሐሳብ አለኝ። ጋሼም የሚያውቁት ይመስለኛል፤ በየሓ ፍቅር ስለተያዙ ትዝ አላላቸውም እንጂ።

ውቅሮ ይሂዱ። ከመቀሌ 50 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ከከተማው ትንሽ ወጣ ብሎ፣ በደቡብ ምዕራብ በኩል አዲ አካውሕ የሚባል መንደር አጠገብ፣ መቃብር ጋዕዋ የሚባል ቦታ አለ። እዚያም የአልመቃህ ቤተ መቅደስ ነበር። የሓን የሚያክል እንዳይመስልዎት፤ ግድግዳው ከመሬት ብዙም ከፍ አይልም፣ መሠረቱን ነው የሚያዩት። የተገኘውም በአጋጣሚ ነው፣ በ2007 መጨረሻ ላይ፣ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር። በሚቀጥለው ዓመት ቁፋሮ ሲጀመር የወጣው ነገር ግን የታሪክ አስተማሪን እንቅልፍ የሚነሳ ነው።

መሠዊያ አወጡ። ከድንጋይ የተጠረበ ሆኖ አናቱ ላይ ፈሳሹ መሥዋዕት ሲፈስበት እየተንቆረቆረ የሚወርድበት ቦይ ተበጅቶለታል። ጎኖቹ ላይ ዙሪያውን በሳባ ፊደል ተጽፎበታል። ጽሑፉ ዋዕራን ስለሚባል ንጉሥ ነው የሚናገረው። መሠዊያውን ለአልመቃህ ያሠራው እሱ ነው። መቼ አሠራው ቢሉ፣ የየሓው የአልመቃህ ቤተ መቅደስ ጌታ ሆኖ በተሾመ ጊዜ ነው ይላል። ልብ ይበሉልኝ፤ የየሓ ስም ድንጋዩ ላይ ተጽፏል፣ ያውም ከ2500 ዓመት በፊት። የሓ ዛሬም የሓ ነው የሚባለው። ጋሼ ውቅሮ ሄደው የሓን ያገኙታል እኮ ነው የምልዎት!

ለእርስዎ ደግሞ ሌላ የተጻፈ አለ። ንጉሡ የአባቱን ስም ብቻ አይደለም የጠራው፤ የእናቱንም ጠርቷል፣ ሻካቱም ትባላለች። በየመን በኩል ባሉት የነገሥታት ጽሑፎች እናት እንዲህ መጠራቷ የተለመደ አይደለም። የእኛዎቹ ግን ይጠሯታል። ይህን ለጋሼ ሲነግሯቸው ፊታቸውን ይዩልኝ። «አንቺ ይህን ከየት አመጣሽው» ካሉ ከኩርፊያው ግማሹ ተነነ።

ከቁፋሮው የወጡት ዕቃዎች ከጦርነቱ በፊት ይቀመጡ የነበረው ውቅሮ ከተማ ባለው ሙዚየም ነው። ዕጣን የሚጨስባቸው ከድንጋይ የተሠሩ ማጨሻዎች፣ የተቀመጠች ሴት ምስል፣ ጽሑፍ ያለባቸው ድንጋዮች የተገኙት ከዚያ ቁፋሮ ነው። ጽሑፍ ያለበት ነገር ሲያገኙ ይጠጉና በ፣ ወ፣ ዐ የሚመስሉትን ይፈልጉ። እርስዎ ፊደል የቆጠሩ ሰው ነዎት፤ ያገኟቸዋል። የእኛ ፊደል ከዚያ ወገን ነው የመጣው። ብቻ አብዛኛውን ጊዜ ከቀኝ ወደ ግራ ነው የሚሄደው፣ አናባቢም የለውም፤ እዚህ ላይ ጋሼ ይግቡበት፣ ለማስረዳት ዕድል ይስጧቸው። በመካከል አያቋርጧቸው። አውቃለሁ፣ ሊረዝም ይችላል።

ከዚያ ውቅሮ ጨርቆስን ይሳለማሉ። ከዋናው መንገድ ብዙም አትርቅም፤ ከአለት የተፈለፈለች ሆና ጀርባዋ ከአለቱ ጋር እንደተያያዘ ነው። ጎንደርን ወይ ላሊበላን አይተው ከሆነ ከሁለቱም አትመስልም። ጫማ ሲያወልቁ ታዲያ ጎንበስ አይበሉ፤ ክር የሌለው ጫማ ያድርጉ፣ የአማችዎን ትከሻ ይያዙ።

አዎ፣ አማችዎ አሉ። መኪናውን የሚነዱት እሳቸው ናቸው። እዚህ ላይ ጠንከር ብዬ ልናገር። የዓይን ሞራ የጀመረው ሰው በማያውቀው መንገድ፣ በማያውቀው መኪና መንዳት የለበትም፤ ቀንም ቢሆን ዓይናቸው ሳይታይ እኔ አልመክርም። ጋሼ አማቻቸውን «ዕረፍ» ያሉት ከደግነት ነው፣ እሱን አልክድም። ግን ደግነት ብቻ አይደለም። ወንድ ልጅ ጡረታ ሲወጣ ቁልፍ ነው የሚቀማው፤ የቢሮ ቁልፍ፣ የክፍል ቁልፍ። አሁን ደግሞ የመኪናውን ቁልፍ ለልጃቸው ባል ሊሰጡ አልፈለጉም። ይሄ ይገባኛል። ቢገባኝም መንዳቱ ይቅር ነው የምለው።

ልጁ ደግሞ ጨንቆታል። የሚስቱ አባት ናቸው፣ «አይሆንም አባባ» ቢል ባለጌ ይባላል፤ «እሺ» ቢል ቅዳሜን ሙሉ ስልኩን እያየ ሊውል ነው። እሱን ከዚህ ማውጣት የእርስዎ ሥራ ነው። ጋሼ ፊት ሳይሆን ለብቻው ጠርተው «ቅዳሜ አንተ ነህ የምትነዳልን፣ እሱን ለእኔ ተውልኝ» ይበሉት። 50 ኪሎ ሜትር ደግሞ ሥራ የሚበዛበትን ሰው የሚገድል አይደለም፤ ለ400 ብዬ ቢሆን እኔም አልደፍርም ነበር። ልጁ ካልተመቸው ከነሾፌሩ ኮንትራት መኪና መያዝ ነው። ዋጋውን ከመሳፈር በፊት ይነጋገሩ፣ የመቆያ ሰዓቱም ይካተትበት፤ ኋላ «ይሄ ሁሉ ሰዓት አስጠብቃችሁኝ» እንዳይመጣ።

ጋሼ ከፊት ይቀመጡ። ወሬውም የእሳቸው ይሁን። ልጁ ታሪክ ይጠይቃቸው። አማችና አማት እኮ አብረው የሚያወሩት ነገር ሲጠፋቸው ነው ስለ ሲሚንቶ ዋጋ የሚያወሩት።

ዓይናቸውን በተመለከተ አንድ ጥሩ ነገር አለ። ወደ ውቅሮ ስትወጡ ኲሓን ታልፋላችሁ። ኲሓ ያለው ሆስፒታል በዓይን ሕክምና የቆየ ስም አለው። ቅዳሜ ግቡ አላልኩም፤ ግን መቀሌ እያላችሁ አንድ የሥራ ቀን ይታዩ። ሞራ በቀዶ ሕክምና የሚወጣ ነገር ነው። «የሓን በሁለት ዓይንህ ነው የምታየው» ብትሏቸው ሆስፒታል የማይወዱ ሰው እንኳ ቢሆኑ ያስባሉ። ይሄን በልጅዎ አፍ ያስነግሩት፤ አባት የሴት ልጁን አይጥልም።

ስለ ሰውነትዎ ጥቂት ልበል። ሽንት የሚያመላልሰውን ኪኒን በመንገድ ቀን ስንት ሰዓት እንደሚወስዱት ሐኪምዎን ይጠይቁ፤ በራስዎ ፈቃድ እንዳያስቀሩት። መንገድ ላይ ሽንት ቤት አገኛለሁ ብለው አይመኑ። ውቅሮ ከተማ ሲደርሱ መጀመሪያ አንድ ሻይ ቤት ወይ ሆቴል ይግቡ፣ ሻዩንም ሽንት ቤቱንም እዚያው ይጨርሱ፣ ከዚያ ነው ወደ ቁፋሮው ቦታ የሚወጡት። ቦርሳዎ ውስጥ ሶፍት፣ ውኃ፣ ዳቦ ቢጤ ይኑር፤ ስኳር ያለበት ሰው ምሳ ከዘገየ ይዝላል፣ ለዚያ ጊዜ አንድ ሁለት ከረሜላ ኪስዎ ይግቡ። ነጠላው ለፀሐይም ይሆናል፣ ጋሼ ግን ኮፍያ ያድርጉ። መሬቱ ጠጠር አለው፣ ሸበጥ እንዳያደርጉ። ምርኩዝ መያዝ ካፈሩ መቋሚያ ይያዙ፤ ቤተ ክርስቲያን የሚሄድ ሰው መቋሚያ ቢይዝ ማን ምን ይላል?

ሰዓቱን እንዲህ ቢያደርጉት ደስ ይለኛል፦ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ቁርስ በልታችሁ ተነሱ። ከ3 ሰዓት በኋላ ውቅሮ ናችሁ። ፀሐይ ሳይበረታ መቃብር ጋዕዋ፣ ቀጥሎ ሙዚየሙ፣ ምሳ፣ ከምሳ በኋላ ጨርቆስ። ቀን 10 ሰዓት ላይ ቤታችሁ ገብታችሁ ሕፃኑን ታቅፋላችሁ። እሑድ ቅዳሴም አልቀረብዎትም። አብርሃ ወአጽብሓ ቅርብ ነው፣ ነጋሽም እዚያው ነው፣ እነሱንም እንጨምር የሚል ሰው ከመጣ (ሰውዬውን ሁለታችንም እናውቃቸዋለን) እምቢ ይበሉ። አንድ ቀን ላይ አምስት ቦታ የሚደረድር ሰው የሚያየው የመኪና መስኮት ብቻ ነው።

ሐሙስ ወይ ዓርብ ላይ ግን ስልክ ይደወል። ሙዚየሙ ቅዳሜ ይከፈታል ወይ? ቲኬቱ የሚቆረጠው የት ነው? ቦታውን የሚከፍተው ጠባቂ ይኖራል ወይ? ከዚያ ጦርነት ወዲህ ብዙ ነገር እንደ ድሮው አይደለም፤ የመንገዱም ሁኔታ ካንዱ ሳምንት ወደ ሌላው ሊለወጥ ይችላል። መንገዱ ሰላም ነው ወይ ለሚለው ከዜና ይልቅ መናኸሪያ ሄዶ የውቅሮን መስመር የሚሠሩትን የሚኒባስ ሾፌሮች መጠየቅ ነው፤ በየቀኑ የሚያልፉበት እነሱ ናቸው። «ዛሬ አይሆንም» ካሏችሁ አይሆንም፤ ለሚቀጥለው ቅዳሜ ይዛወር። ነዳጅም ዓርብ ማታ ይሞላ። ቅዳሜ ጠዋት ሰልፍ ላይ መቆም እንኳን ላኮረፈ ለታረቀም ሰው አይሆንም።

አሁን ምን ልበላቸው ላሉኝ። ማታ ሕፃኑ ሲተኛ፣ ቡና ላይ፣ ልጆቹ በሌሉበት ይሁን። መጀመሪያ «ድንጋይ» ስላሉት ይቅርታ ይበሉ፤ እሱ ባይቀድም ሌላው አይሰማም። ቀጥለው እንዲህ ቢሏቸውስ፦ «የሓን አብረን እናያለን፣ ግን ከአክሱም ተነስተን፣ አድረን፣ አንተም ዓይንህን ታክመህ። ቅዳሜ ደግሞ መቃብር ጋዕዋ ውሰደኝ፣ ዋዕራን ያሠራውን አሳየኝ።» «ውሰደኝ» የምትለዋን እንዳይዘሏት። ማን ነው የሚነዳው ብለው ከጠየቁ «ልጁ ይንዳ፣ አንተ ለእኔ ታስረዳኛለህ» ይበሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም ሊሉ ይችላሉ። ዝምታውን አይሙሉት፣ ቡናውን ይቅዱ። ማታ «እሺ» ባይሉም ጠዋት ተነስተው ካርታ ሲፈልጉ ካገኟቸው ነገሩ አልቋል።

«ብቻዬን እሄዳለሁ» የሚለውን ግን አይተዉላቸው። ዛቻ ነው ብለው ቢያልፉትም፣ ከአዲግራት ወዲያ ያለው ቁልቁለት ላይ ብቻቸውን፣ በአንድ ዓይን፣ አይሆንም። እዚያ ላይ እርስዎም፣ ልጅዎም፣ አማችዎም አንድ ቃል ይሁኑ፤ አማችዎ መኪናው ሰርቪስ ገብቷል ቢል ውሸቱን እኔ እሸከምለታለሁ።

ስትመለሱ መንገድ ዳር ማር የሚሸጥ ከገጠማችሁ፣ የዚያ አገር ነጭ ማር የታወቀ ነው፣ ጋሼ መግዛታቸው አይቀርም። ይግዙ። እርስዎ ግን ለገብሱ ጥሕሎም ለማሩም ስኳርዎን ያስቡ፤ «ትንሽ ቅመሺ፣ ምንም አይልሽም» ካሉ ማሩን ለልጅዎ ይስጡት።